ተሸጠ ማለት አተረፈ ማለት ነው? አሻንጉሊትና የቪዲዮ ጌም የተጋቡበት ገበያ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ካርቶን ለገበያ አቀረበ። «ላቦ» የተባለውን ሳጥን የገዛ ሰው ሲከፍተው የሚያገኘው ማጠፊያው አስቀድሞ የተሰመረ ጠፍጣፋ ካርቶን፣ ክር፣ ላስቲክና አንዲት የጌም ካርድ ነበር። ልጁ ካርቶኑን እያጠፈና እያገጣጠመ ፒያኖ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ የሞተር ብስክሌት መሪ ይሠራል። ከዚያ «ስዊች» የተባለውን ማጫወቻ መሃሉ ላይ ሲሰካው የካርቶን ፒያኖው ድምፅ ያወጣል፣ ዘንጉ ሲሳብም በስክሪኑ ላይ ዓሣ ይንፈራገጣል። ዋጋው 70 ዶላር ነበር፤ ሮቦት የሚሠራበት ሁለተኛው ሳጥን ደግሞ 80 ዶላር።

ዋጋውን ወደ ወላይታ ሶዶ ማምጣት ነገሩን አጉልቶ ያሳያል። ከጁላይ 2024 በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ 70 ዶላር ወደ 4,000 ብር ይጠጋ ነበር። የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ሳጥን ከእጥፍ በላይ ብር ይጠይቃል፤ ያውም ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ፣ ማጫወቻው ራሱ ሳይገዛ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተዘረጋችው ከተማ ደግሞ ካርቶን ብርቅ አይደለም። እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ የሶዶ ልጅም ከሽቦ መኪና ይጠመዝዛል፣ ቆርኪውን ጎማ ያደርጋል፣ ከካልሲና ከጨርቅ ኳስ ይጠቀልላል። «ካርቶን በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?» ቢል የሚፈርድበት የለም። ላቦ ሲወጣ በሀብታሙ ዓለምም በሰፊው የተነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ኒንቴንዶ እስከ ጁን 2018 መጨረሻ ድረስ ሁለቱ ሳጥኖች ተደምረው 1.39 ሚሊዮን መሸጣቸውን አስታወቀ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካርቶን በሁለት ወር ከምናምን! አንዳንዱ ድል ነው አለ። ሌላው ደግሞ በዚያው ቀን የተሸጠው የስዊች ብዛት 19.67 ሚሊዮን መሆኑን ጠቅሶ፣ ካርቶኑን የገዛው ከ14 ባለቤቶች አንዱ ገደማ ብቻ ነው ሲል ውድቀት ነው አለ። ሁለቱም ወገን ያነበበው ያንኑ ቁጥር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከምን ጋር እንደሚያስተያዩት ነው፤ አሻንጉሊት ተጨምሮባቸው የሚሸጡ ጌሞችን ስኬት መመዘን አስቸጋሪ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ተራ የቪዲዮ ጌም አንዴ ከተሠራ በኋላ ቅጂውን ማብዛት ብዙ ወጪ የለውም፤ በተለይ በኢንተርኔት የሚወርድ ከሆነ መቶኛውም ሆነ ሚሊዮንኛው ገዥ የሚያስወጣው ወጪ እዚህ ግባ አይባልም። አሻንጉሊት ግን እንዲህ አይደለም። ቅርጽ ማውጫ ይሠራለታል፣ ፕላስቲክ ይቀልጥለታል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይታሸጋል፣ በመርከብ ይጫናል፣ መጋዘን ይከራይለታል፣ የሱቅ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይፈልጋል። ስንት እንደሚሸጥ የሚታወቀው ደግሞ ይህ ሁሉ ወጪ ከወጣ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኩባንያዎች በየሩብ ዓመቱ «ሸጥን» ብለው የሚያስታውቁት ብዙ ጊዜ ለሱቆች ያስረከቡትን ነው። ልጅ እጅ የገባውና መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደባልቆ ይነገራል። ከአዲስ አበባ መርካቶ መጫወቻ አምጥቶ ሶዶ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ለጅምላ አከፋፋዩ ዕቃው ተሽጧል፤ ለእሱ ግን ገና አልተሸጠም፤ ካልወጣለት ታቅፎት ይቀራል። በአሜሪካና በአውሮፓ ትልልቅ ሱቆች ዘንድ ኪሳራው ብዙ ጊዜ ወደ አምራቹ ይመለሳል፤ ሱቆቹ ያልተሸጠውን የመመለስ ወይም ዋጋው ሲወርድ ልዩነቱን አምራቹ እንዲሸፍን የማድረግ አቅም አላቸውና። ስለዚህ በጥር የተነገረ አስደሳች ቁጥር በግንቦት የመጋዘን ዕዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ወቅቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የወላይታ ሰው የጊፋታን ገበያ ያውቃል። በመስከረም ለሚከበረው ለዚህ የዘመን መለወጫ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ለበሬ መግዣ በጋራ ይቆጥባሉ፣ ሴቶችም ለቅቤና ለቅመማ ቅመም ያጠራቅማሉ። የአንድ ዓመት ጥሪት በጥቂት ቀናት ገበያ ላይ ይፈስሳል። ለዚያ ገበያ ዕቃ አብዝቶ ያመጣ ነጋዴ በዓሉ ካለፈ ገዥውን የሚያገኘው በዓመቱ ነው። የምዕራቡ ዓለም የመጫወቻ ንግድም በገና ሰሞን ላይ የተንጠለጠለ ነው። አምራቹ ስንት አሻንጉሊት እንደሚያስፈልግ ከወራት በፊት ገምቶ ማዘዝ አለበት። ቢያሳንስ ወላጅ ባዶ መደርደሪያ ያያል፣ ቢያበዛ ትርፉ ራሱ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ገበያ የከፈተው «ስካይላንደርስ» ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ቶይስ ፎር ቦብ የሠራው፣ አክቲቪዥን ያሳተመው ይህ ጌም በኦክቶበር 2011 ወጣ። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነበር። በእያንዳንዱ አሻንጉሊት እግር ሥር ባትሪ የማያስፈልጋት ትንሽ ቺፕ አለች። አሻንጉሊቱ ከጌሙ ጋር በሚሸጠው ክብ መድረክ ላይ ሲቀመጥ መድረኩ በሬዲዮ ሞገድ ለቺፗ ኃይል ይሰጥና ማንነቷን ያነባል፤ ወዲያው ያ ገጸ ባሕርይ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ልጁ ሲጫወት ያገኘው ጥንካሬ የሚመዘገበው እዚያው ቺፗ ላይ ስለሆነ አሻንጉሊቱን ኪሱ ከቶ ጓደኛው ቤት ሄዶ ከደረሰበት መቀጠል ይችላል።

ለነጋዴ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረም። ወላጅ መጀመሪያ ጌሙን ከጥቂት አሻንጉሊቶች ጋር ይገዛል። ከዚያ ልጁ የሌሉትን በስክሪኑ እያየ ይመኛል። አንዳንድ የጌሙ በሮች የሚከፈቱት የተለየ ዓይነት አሻንጉሊት ሲኖር ብቻ ነው። ለልደት አንድ፣ ለገና ሁለት፣ ለጥሩ ውጤት ሌላ አንድ እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ይገዛል። ስለዚህ የጌሙን ሳጥን ብቻ ቆጥሮ ስኬቱን መገመት አይቻልም፤ ዋናው ጥያቄ አንድ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ግዢ በኋላ ስንት ጊዜ ተመለሰ የሚለው ነው። ስካይላንደርስ በዚህ መለኪያ ተአምር ሠርቷል። በ2014 አጋማሽ 175 ሚሊዮን አሻንጉሊቶች መሸጣቸው ተነገረ፤ በ2015 ደግሞ የጠቅላላ ሽያጩ ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድረሱን አክቲቪዥን አስታወቀ።

ግን ያው ጥንካሬ ድካሙን ይዞ መጣ። በየዓመቱ አዲስ ጌም ከአዲስ የአሻንጉሊት ዓይነት ጋር ይወጣ ነበር፤ በ2012 ግዙፎቹ፣ በ2013 ወገባቸው ላይ ተቆርጠው የሚቀያየሩት፣ ቀጥሎ ወጥመዶቹ፣ ቀጥሎ ተሽከርካሪዎቹ። የአምናው አሻንጉሊት በዘንድሮው ጌም መሥራቱ ኩባንያውን የሚያስመሰግን ነበር። ሆኖም የልጁ ክፍል በፕላስቲክ እየሞላ፣ የወላጁም ትዕግሥት እያለቀ ሄደ። ለትልልቅ ማጫወቻዎች የወጣው የመጨረሻው የስካይላንደርስ ጌም በ2016 የተለቀቀው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የዲዝኒ ታሪክ ነው። «ዲዝኒ ኢንፊኒቲ» በኦገስት 2013 ሲወጣ ሁሉም ነገር የተሟላለት ይመስል ነበር። ልጆች የሚያውቋቸው የፊልም ገጸ ባሕርያት አሉት፤ በኋላም የማርቭልና የስታር ዎርስ ጀግኖች ተጨመሩለት። በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ማስጀመሪያ ሳጥን ተሸጠ። እየተወደደና እየተሸጠም ቢሆን፣ በሜይ 2016 ዲዝኒ ጌሙን መዝጋቱን አስታወቀ። በሒሳብ መዝገቡ ላይ 147 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አሰፈረ፤ 300 ያህል ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ።

ምን ሆነ? በጊዜው የወጡ ዘገባዎች ከአመራረት ጋር የተያያዘ ስህተት ይጠቅሳሉ። የመጀመሪያው ዙር ተሽጦ ሲያልቅ ኩባንያው ለቀጣዩ አብዝቶ አመረተ። ከማርቭሉ ጀግና ከሃልክ አሻንጉሊት ብቻ ሁለት ሚሊዮን ተመርቶ የተሸጠው አንድ ሚሊዮኑ ነው ተብሏል። ስሌቱ ጨካኝ ነው። አንድ ሚሊዮን ሃልክ የሸጠ ኩባንያ፣ የሚሸጠውን ያህል ብቻ አምርቶ ቢሆን ኖሮ ጮቤ በረገጠ ነበር። ያልተሸጠው ሌላው ሚሊዮን ግን የተሸጠውን ትርፍ በላው። የሽያጭ ሰንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

ሌሎቹም በተመሳሳይ መንገድ ከገበያው ወጡ። በሴፕቴምበር 2015 የተጀመረው «ሌጎ ዳይሜንሽንስ» ለሦስት ዓመት እንደሚዘልቅ ተነግሮለት ሳለ በ2017 ቆመ። ዩቢሶፍት በኦክቶበር 2018 «ስታርሊንክ»ን ይዞ ሲመጣ ልጆች የፕላስቲክ መንኮራኩር በማጫወቻው መያዣ ላይ እየሰኩ ክንፉንና መሣሪያውን እንዲቀያይሩ አደረገ። ሆኖም መንኮራኩሮቹን ሁሉ ያለ ፕላስቲክ፣ በኢንተርኔት አውርዶ መጫወትም ይቻል ነበር። ሽያጩ ከታሰበው በታች በመሆኑ በኤፕሪል 2019 ኩባንያው አዲስ አሻንጉሊት እንደማያወጣ አስታወቀ። አሻንጉሊቱ ለጨዋታው የግድ ካልሆነ ወላጅ ለምን ይከፍላል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ኩባንያው ያገኘው መልስም የሚያበረታታ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ «እንዲህ ያለ ጌም አያዋጣም» ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። አንዳንዱ መጫወቻ የሚሠራው ለሌላ ዓላማ ነውና። በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ሲወድቅ ባለ ሱቆች «ጌም» የሚባል ነገር መስማት አስጠልቷቸው ነበር። ኒንቴንዶ በ1985 ማጫወቻውን ወደ አሜሪካ ሲያስገባ ሮብ የተባለች ትንሽ ሮቦት አብሮ ላከ። ሮብ የምትሠራው በሁለት ጌሞች ብቻ ነበር፤ እንቅስቃሴዋም ዘገምተኛ ነው። ሆኖም ሳጥኑ ላይ ሮቦት ያየ ባለ ሱቅ ዕቃውን እንደ መጫወቻ ተቀብሎ መደርደሪያ ሰጠው። በገቢዋ ብትመዘን ሮብ ከንቱ ነች፤ በከፈተችው በር ብትመዘን ግን ኒንቴንዶ ካደረጋቸው ብልህ ውሳኔዎች አንዷ ነች።

ጊዜም ሌላ ሚዛን ነው። በኦክቶበር 2019 የወጣው «ሪንግ ፊት አድቬንቸር» የፕላስቲክ ቀለበትና የጭን ማሰሪያ ይዞ ተጫዋቹን ስፖርት የሚያሠራ ጌም ነው። በአንድ ሰሞን ጩኸት አላበቃም፤ ዓመታት እየቆየ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ምክንያቱን ማየት አይከብድም። የሚሸጠው አንድ ሳጥን ነው፤ ተከታታይ አሻንጉሊት ማምረት፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሚወደድ መገመት አያስፈልግም። ቀለበቱ ዘንድሮም ሆነ ከርሞ ያው ቀለበት ነው።

በዚህ ዓይን ላቦን እንደገና ማየት ይገባል። ካርቶን ርካሽ ነው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚታሸግ ማጓጓዣው አይከብድም፣ ዋጋው ግን ከአንድ ሙሉ ጌም ይበልጥ ነበር። ስለዚህ 1.39 ሚሊዮኑ እንደ ዲዝኒ ዓይነት ቁስል የሚያደርስ አይመስልም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፦ ተመላሽ ገዥ። በሴፕቴምበር 2018 የተሽከርካሪ ሳጥን፣ በኤፕሪል 2019 ደግሞ የምናባዊ እይታ መነጽር የሚሠራበት ሳጥን ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልተከተለም። ፒያኖውን አንዴ ሠርቶ የተደሰተ ልጅ ሁለተኛ ፒያኖ አያስፈልገውም። ላቦ ድንቅ ሐሳብ ነበር፤ አነስተኛ ትርፍ ያለው፣ ተከታይ ያጣ ድንቅ ሐሳብ ብሎ መፍረድ ለእውነት የሚቀርብ ይመስላል።

ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚዛኑ ራሱ ይለወጣል። በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ልጅና ወጣት የቪዲዮ ጌም የሚያውቀው በጌም ቤት ነው። ባለቤቱ ጥቂት ፕሌይስቴሽኖችና ቴሌቪዥኖች ይዞ በጨዋታ ያስከፍላል፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። እዚህ ቤት ውስጥ ንጉሡ እግር ኳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት የፈነደቀች ከተማ ልጆች ስክሪኑ ላይ የሚመርጡት ባርሴሎናን ወይም አርሰናልን ነው፤ ድቻ በእነዚያ ጌሞች ውስጥ የለምና።

ለጌም ቤት ባለቤት «ስንት ተሸጠ» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም። እሱ የሚያሰላው አንድ ወንበር በቀን ስንት ተጫዋች እንዳስተናገደ፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ መያዣው ስንት ወር እንዳገለገለ ነው። የስካይላንደርስ ዓይነት ነገር እዚህ ቢመጣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት ይኖረዋል። በአንድ በኩል ጌሙ በፍላሽ ቢገለበጥም ፕላስቲኩ በቀላሉ አይገለበጥም፤ ይህ ለአምራቹ ጥበቃ ነው። በሌላ በኩል አንድ ስብስብ አሻንጉሊት ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይበቃል፤ የአሜሪካው አምራች ትርፉን ያገኝ የነበረው ግን እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ስለሚገዛ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚያዋጣው አሻንጉሊት ለብዙ እጅ የሚበረታ፣ በጋራ የሚያጫውት መሆን ይኖርበታል።

አሻንጉሊት ባይኖረውም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ የቀረበ ሙከራ አለ። ዳዊት አብርሃም በአዲስ አበባ የመሠረተው «ቅኔ» የተባለው የጌም ድርጅት መጀመሪያ «ኩኩሉ»ን ሠራ፤ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮ ሩጫ ነው። ቀጥሎ ገበጣን ወደ ስልክ አመጣው። ድርጅቱ በ2022 የተለያዩ አገሮች የጌም ሠሪዎች ከመሠረቱት የመላው አፍሪካ የጌም ቡድን አባላት አንዱ ነው። ገበጣን መምረጡ ከንግድ አንጻርም አስተዋይነት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተመው ጥናት የገበጣን ዓይነቶች ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሰብስቦ መዝግቧል። ሕጉን ማስተማር አያስፈልግም፣ ገጸ ባሕርዩን ለማስተዋወቅ ፊልም አያሻም፤ አያትም ልጅም ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ሥራ በውርድ ብዛት ብቻ መመዘን ግን ለሠሪው ግፍ ነው። በዓለም አቀፍ መደብሮች ለመግዛት የሚያስፈልገው የባንክ ካርድ በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ እጅ የለም። ብዙ ሰው አውርዶ ጥቂቱ ቢከፍል፣ ጉድለቱ የጨዋታው ሳይሆን የመክፈያው ሊሆን ይችላል። በዚህ በኩል ብዙ ነገር ተለውጧል። በሜይ 2021 የተጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ኤምፔሳም በ2023 ሥራ ጀምሯል። የሶዶ ተማሪ ዛሬ ጥቂት ብር ከስልኩ መክፈል ይችላል። ከአምስት ዓመት በፊት የወደቀ ሐሳብ ዛሬ ቢሞከር ያው ውጤት ይደግማል ማለት አይቻልም።

ታዲያ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችና የከተማዋ አናጢዎች ተባብረው የእንጨት ገበጣ ከስልክ ጌም ጋር ቢያጋቡስ? ቺፕ ማስገባት ግድ አይሆንም፤ ቺፕ የሚያነብ ስልክ ያለው ጥቂቱ ሰው ነው። በየጉድጓዱ አጠገብ የታተመ ምልክት የስልኩ ካሜራ አንብቦ ጠጠሮቹን ሊቆጥር፣ ነጥብ ሊመዘግብ፣ በአረካ ወይም በቦዲቲ ከተቀመጠ ተጋጣሚ ጋር ሊያገናኝ ይችላል። ገበጣው ያለ ስልክም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ይህ ከስታርሊንክ መንኮራኩር የሚለየው ትልቅ ጥቅም ነው።

የዲዝኒን መጋዘን ያየ ሰው ግን አንድ ሺህ ገበጣ በአንዴ አያሠራም። ከጊፋታ በፊት መቶ ያህል ብቻ ያሠራል፤ ለጥቂት ጌም ቤቶችና ሱቆች ያስረክባል፤ ከዚያም ለሱቁ የተላከውንና በእርግጥ ወደ ቤት የገባውን ለየብቻ ይመዘግባል። በጥቅምት ስንቱ ገዥ አሁንም ስልኩን ከፍቶ እንደሚጫወት፣ ስንቱ ለታናሽ ወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ሌላ ሊገዛ እንደተመለሰ ይቆጥራል። የእንጨቱ፣ የአናጢው፣ የኅትመቱና የማጓጓዣው ወጪ ተቀንሶ ከእያንዳንዱ ገበጣ የሚተርፈው ሁለተኛውን መቶ ማሠራት ከቻለ፣ ያኔ ለሁለተኛው መቶ እንጨት ይገዛል።